የአጎቴ ቅጠልና የጎረቤታችን ቅጠል

አጎቴ ከወሎ እስከ ካናዳ፣ ካልጋሪ ድረስ ይዘውት የመጡትን ጫት ኤርፖርት ላይ ተቀሙ። በሕግ ነው የቀሟቸው፤ ስለዚህ መሳደብ አይገባም። እኔ ግን መኪናዬ ውስጥ እስኪወጣልኝ ተሳደብኩ።

ጫቱ ለምርቃና አልነበረም። አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ደሙ በማሽን ይታጠባል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ፣ አያቴ ዱአ ያደርጉበት ከነበረው ጓሮ ጫት ቀንጥሰው፣ አድርቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ለታላቅ ወንድሙ፣ ለአጎቴ ሰጡ። "አማና፣ አደራ! ይህን ይዘህ ሂድና ዱአ አድርግለት" ብለው። በእነሱ ወግ እንዲህ ያለ ከባድ ዱአ ያለ ጫት አይጀመርም።

ቀድሞ የነገረኝ የለም እንጂ "በጭራሽ!" ባልኩ ነበር። ለካ እነሱም ተመካክረውበታል። "ሐሺሽ የፈቀደ መንግሥት ጫት ይከለክላል እንዴ?" ተባብለው፣ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እስቲ አሁን ይሄ ምኑ ስህተት ነው? እኔ ራሴ እዚህ አድጌ መልሱን አላውቀውም።

ሲቲስኬፕ ወደሚባለው ሰፈራችን ስንሄድ አጎቴ፣ ጋሼ፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያዩ ነበር። ለአባቴ መድኃኒት ላነሳ ሱቆቹ ያሉበት ፕላዛ ጋ ፓርክ ሳደርግ ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለውን ሱቅ አዩት። ታፔላው ላይ ትልቅ አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል።

"ይኸ ምንድነው ልጄ?"

"ሱቅ ነው ጋሼ።"

"የምን?"

ዋሽቼ ብገላገል ይሻለኝ ነበር። "የ... የሐሺሽ።"

"መንግሥት ያውቃል?"

"ላይሰንስ የሰጠው እሱ ነው። ታክስም ይሰበስባል።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ዞረው አዩኝ፤ ሱቁን የከፈትኩት እኔ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። "የኔን ግን ቀሙኝ።"

ቤት ገብተው አባቴን አቅፈው አለቀሱ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት አወሩ። ዱአ ግን የለም። "አማናዬን አስበልቼ፣ በባዶ እጄ ምን ብዬ እጀምራለሁ?" አሉኝ ኩሽና ውስጥ። አባቴ የዐስርን፣ የተሲያቱን ሶላት ከሰገደ በኋላ ነጭ ቆቡን ሳያወልቅ ሳሎን ይቀመጣል። ይጠብቃል። አይጠይቅም፤ ታላቅ ወንድም እንዴት ይጠየቃል? ማታ ሲሆን ቆቡን አውልቆ ይተኛል። እሱ በሕመሙ አገር ቤት መሄድ አይችልም፣ ጋሼ ደግሞ በቅርቡ ይመለሳሉ። ዱአውን ሳያደርጉለት ቢሄዱስ?

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ካናዳዊ ነው። ጓሮው ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን ያን የሱቁን ቅጠል ተክሏል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ እሱም ከልጅ ልጆቹ እኩል ይኮራበታል። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጫቱ ተቀምቶ ዱአው እንደቀረ ነግሬ ብሶቴን ዘረገፍኩለት። በማግስቱ፣ ልክ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ብልቃጥ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። "ከራሴ ተክል ያደረቅኩት ነው፣ ለጸሎታችሁ ይሁን" አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ተረጎምኩት።

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። ብልቃጡን ከፈቱ። አሸተቱ። ፊታቸው ተጨማደደ።

"ኤዲያ! ታክስ የሚከፈልበት ይኸ ነው? የወጠጤ ሽታ!"

አባቴ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ጎኑን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ። ጎረቤታችንም ምኑም ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ቆቡን አስተካከለና ወንድሙን ቀና ብሎ አየ።

"ወንድም ጋሼ፣ ቅጠሉን ቀሙ። አንቱን ግን አሳለፉዎት አይደል?"

ጋሼ ብልቃጡን እንደያዙ ወደ አባቴ ዞሩ።

"እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ታዲያ ቅጠል ነው እንዴ?"

ጋሼ ብልቃጡን ከድነው ለባለቤቱ መለሱለት። አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ባዶ መዳፎቻቸውን ዘረጉ። ለአባቴ ለመኑ፣ ለእኔ ለመኑ፣ ለጎረቤታችን ቀና መንገድ ለመኑለት፤ ጫቱን የቀማቸውን ያን የኤርፖርት ጎረምሳ እንኳ አልረሱትም። እኔ ለእሱ አሚን ያልኩት ትንሽ ዘግይቼ ነው። አባቴ ግን "አሚን!" ያለው ደህና ሰው ሳለ በነበረው ድምፁ ነው።