አፈር ያልለበሰው ማዳበሪያ

ዛሬ ጠዋት፣ ልጄ፣ የፍየሎቹን ጉሮኖ ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሌሊቱን ዝናብ ገብቶበት ኖሮ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ፍየሎቹ እየገፉኝ ወጡ፤ እኔ ግን በሩን እንደያዝኩ በሐሳቤ በሰቆጣ በኩል ያለው ዝቋላ፣ እናቴ ማሳ ላይ ነበርኩ።

ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። አባታችን ሞቶ እናታችን ብቻዋን ታሳድገን ነበር። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ የግብርናው ሰውዬ ነጩን ማዳበሪያ አደለ፤ ሁሉም በትኖ፣ እያረመ አፈር መለሰበት። የኛ ማሳ ግን መንገድ ዳር ነው። ሰውዬው መጥቶ እናቴን፣ «አንቺ በትነሽ ተይው፣ አትሸፍኚው፤ ነገ እንግዶች ለጉብኝት ይመጣሉ፣ ነጭ ሆኖ ይታያቸው» አላት። እሺ አለች። የመንግሥት ሰው ያዘዘውን ማን እምቢ ይላል?

እንግዶቹ አልመጡም። እሱም ብቅ አላለ። በማግስቱ ቂርቆስ ሆነ፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሁድ፤ በኛ አገር በበዓል መሬት አይነካም። ዝናቡም እንደ ተማከረ ሁሉ ጠፋ። ጠዋት ጤዛው ያሟሟዋል፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ያግለዋል፣ ከማሳው ያ የጉሮኖ ሽታ ይነሳል። መንገደኛው «እዚህ ምን ሞቷል?» እያለ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር። ሰኞ መቆፈሪያ ይዘን ስንወርድ የሚሸፈን ነገር አላገኘንም።

የጎረቤት ማሽላ ሲጠቁር የኛ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ቤተክርስቲያን ደጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሴትዮ፣ ማዳበሪያውን ሰቆጣ ገበያ ወስደሽ ሸጠሽዋል» አላት።

«አትሸፍኚው ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?»

ሰው ሳቀ። የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ ሳቁ።

በሮ ነበር እኮ። አምና የመጣችው የግብርና ልጅ፣ «እማማ፣ ቶሎ አፈር ካላለበሱት ጉልበቱ ከአየር ጋር ይሄዳል» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ። ይህችን አንዲት ቃል ያኔ የሚናገር ጠፍቶ ነው እናቴ ሌባ የተባለች? ሽታውን ሁሉም አሽትቷል፤ የሚሄደው እህላችን መሆኑን ማን ነገረን? ሰውዬውስ፣ እሺ ይህን አያውቅ፤ አትሸፍኚው ማለቱም ጠፋው? ልጄ፣ ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ገበያ ስትወርድ ጭነቷን ከድና ሄዳ አታውቅም። ሽንብራም ይሁን ጌሾ፣ የስልቻውን አፍ ፈታ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው ገልጣ ነበር የምትሄድ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ዶፍ ያዘን። «እማዬ፣ እህሉ ራሰ እኮ፣ እንቋጥረው» ብላት፣

«ተይው፣ ይራስ» አለችኝ።