አግስቶ የተኛው ኮምፒዩተር

ጌታነሽ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ናት። የሰው አቤቱታና የሰው ሹመት ስትተይብ ሃያ ዓመት አለፋት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ወደ ቤት ስትመለስ የሚጠብቋት ሁለት ናቸው፦ እናቷ ወይዘሮ ኮከቤ፣ እና ራሷ ፈታ የምትገጥመው አሮጌ ኮምፒዩተር።

ወይዘሮ ኮከቤ የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው እንደሚፈትሉት ክር ቀጭን ነው። ጌታነሽ ያደገችው በዚያ ድምፅ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ያለው በእሱ ምክንያት ይመስላታል። አሁን ግን እናትየው ሊመነኩሱ ነው። የፊታችን እሑድ ቆብ ጭነው ገዳም ይገባሉ።

"እስከ እሑድ ያሻሽን ላንጎራጉርልሽ" ብለዋታል። "ከዚያ ወዲያ አፌ የጸሎት ነው።"

ድምፃቸውን ለመቅዳት ሦስት ቀን ሞከሩ። ጌታነሽ ማይክሮፎኑን ታቀርባለች፣ እናትየው እንዝርታቸውን አሹረው ይጀምራሉ፣ ኮምፒዩተሩ ይግላል፣ ማራገቢያው ይነሣል። የቀዱትን ሲያዳምጡት የሚሰማው ነፋስ ነው፤ ከነፋሱ ሥር ደግሞ ገደል ማዶ ቆማ የምትጣራ የመሰለች አንዲት ሴት።

"እሱ በላዬ ይጮኻል እንጂ መች አዘፈነኝ!" አሉ ወይዘሮ ኮከቤ። "እንዲህ ያለውን እኛ ከሠርግ ቤት እናስወጣው ነበር።"

ጌታነሽ ግን መላ ነበራት። በዘመድ እጅ ከአዲስ አበባ ያስመጣችው የክብሪት ቀፎ የሚያክል የመዳብ ቁራጭ ዓርብ ማታ ደረሰላት። ብሎክ ይሉታል። ሆዱ ውስጥ ውሃ ይመላለሳል፤ ከኮምፒዩተሩ ትኩስ ክፍል ላይ ሲታሰር ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በቱቦ አየር ወደሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ይወስደዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸው አቶ ምንይሉ ትንሽ ፓምፕና ቱቦ ይዘውላት መጡ። ከእሳቸው በፊት ሳቃቸው ገባ።

"ማቀዝቀዣ? በመንዝ? እኛ በርኖስ ደርበን ጥርሳችን ይፋጫል፣ አንቺ ብርድ በቱቦ ታስገቢያለሽ?"

"ብርዱ ከደጅ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ጋሼ ምንይሉ? ማራገቢያውን የምነቅለው እሱን ተማምኜ ነው" አለችና ማራገቢያውን ነቅላ ብሎኩን በቦታው አሰረችው፤ አብሮት የመጣውን ራዲያተር መስኮቱ ላይ አቆመችው። ከጎኑ ውሃ መሙያውን ጠርሙስ አሰረች፤ ከጋራዥ ያመጣችውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ቀስ አድርጋ ቀዳችበት።

ውሃና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም። አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ኮምፒዩተሩ ያልቅለታል፤ ሌላ እስኪገኝ ደግሞ እሑድ አይጠብቅም። ወይዘሮ ኮከቤ ይህን ሲሰሙ በሶ አምጥተው ከየመጋጠሚያው ሥር ነሰነሱ።

"ዱቄት ምስጢር አይችልም" አሉ። "ጠብታ ከወረደችበት ወዲያው ያሳብቃል።"

ፓምፑን ብቻ አስነሥተው እስከ ቀትር ጠበቁ። በሶው እንደ ደረቀ ነው። አቶ ምንይሉ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው ቀመሱትና "ደህና ነው፤ ጨው ብቻ ይጎድለዋል" ብለው ወጡ።

ጌታነሽ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ማይክሮፎኑንም ከፈተችና የሚገባውን ድምፅ እያዳመጠች መቅዳት ጀመረች። ነፋሱ የለም። በመስኮቱ ጉም እየገባ ይወጣል፤ ቤቱ ከመሬት ተነሥቶ ከጉሙ ጋር የሚሄድ መሰላት። ወዲያው ግን ከኮምፒዩተሩ ሆድ ጉል… ጉል… ጉል የሚል ነገር መጣ።

"አየር ገብቶበታል" አለች። እንባዋ ቀረበ። "አልሆነም፣ እማዬ። ነገ እሑድ ነው።"

ወይዘሮ ኮከቤ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ይሄ እኮ ጠብቶ ያላገሳ ሕፃን ነው። ወዲህ በይው።"

"ይከብድሻል!"

"አንቺም ትከብጂ ነበር።"

መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ባናቸውን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸውን፣ ጭናቸው ላይ አነጠፉ። ጌታነሽ ቱቦው እንዳይጎተት እየጠበቀች ኮምፒዩተሩን አስታቀፈቻቸው። ወደ ቀኝ አዘነበሉት፣ ወደ ግራ አዘነበሉት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እጃቸው ሥራውን ሲያውቀው አፋቸውም ሳይጠየቅ ተከተለ፦

*እሹሩሩ ተኛ፣ ተኛ የኔ ጌታ፤*
*ጉሙ መንገደኛ ነው፣ ይሄዳል በማታ።*

ጌታነሽ ይህን ዜማ አታውቀውም፤ ግን ትከሻዋ አወቀው መሰለኝ፣ አብሮ ተወዛወዘ። ብዙ ቆዩ፤ ጉልጉልታው እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ትልቅ አረፋ ወጥቶ ፈነዳ፤ ጉልጉልታውም ቀረ።

"ተኛ?" አሉ ወይዘሮ ኮከቤ በሹክሹክታ።

"ተኛ።"

"እንግዲህ ልጀምርልሻ። የትኛውን ልበልልሽ?"

ጌታነሽ ወደ ስክሪኑ አየች፤ ለካ መቅዳቱን አላቆመችም ነበር። የድምፁ መስመር ከዳር እስከ ዳር እንደ መንዝ ተራሮች ወጣ ገባ ብሏል። ወደ ኋላ መልሳ ከፈተችላቸው። ነፋስ የለም፣ ገደል የለም፤ ሴትየዋ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ጆሮ ሥር ተቀምጣለች።

ወይዘሮ ኮከቤ የራሳቸውን ድምፅ እንደ እንግዳ ሰው አዳመጡት።

"ያ እኮ ያንቺ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከአንቺ ወዲህ ለማንም ብዬው አላውቅም። እንዴት ወጣኝ?"

ጌታነሽ ኮምፒዩተሩን ከጭናቸው ላይ በቀስታ አንሥታ ከቦታው አኖረችው፤ ከዚያ ሙቀቱ ያልለቀቀውን ባና ወስዳ ተከናነበችው።