ኒሻን ያደረገ ሰው አያጫውትም

አኮርዲዮን ከመዝፈኑ በፊት ይተነፍሳል፤ ወናፉ ሲከፈት የሚያወጣው ያ ረጅም የአየር ድምፅ ዛሬም የአውቶቡስ በር በተከፈተ ቁጥር ይመጣብኝና ሰበታ ቤታችን ይመልሰኛል። ክረምት ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አኮርዲዮኑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በክራር የምናውቃቸውን ዜማዎች በፈረንጅ ቁልፎች ላይ ሲፈልግ ይውል ነበር።

በእኛ አካባቢ የሠርግ ዘፈን በአኮርዲዮን የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንተ አዝማሪ፣ ላሞቼ ያለ አንተ ዘፈን አንታለብም አሉኝ እኮ» ይሉት ነበር። እሱም፣ «ታዲያ ወተቱ ለምን ወደ እኔ አይመጣም?» ይላቸዋል።

መስከረም ላይ ቤተ መንግሥት ተጠርቶ ኒሻን ተሸለመ። እናቴ ወድቆ እንዳይጠፋ ብላ ኒሻኑን ኮቱ ላይ በክር ሰፋችው።

ጥር ሲገባ ኦቦ ገመዳ ልጃቸውን ዳሩ። አባቴ አኮርዲዮኑን አንግቦ ሲገባ ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት፣ ጓዳ ወስደው ነጠላ አለበሱትና አባቴን ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡት።

«እኔ እኮ የመጣሁት ላጫውት ነው» አላቸው።

«ጃንሆይ ያከበሩትን ሰው እኔ ደጄ ላይ አዝማሪ ላድርገው? ነውር ነው። እርስዎ ይቀመጡ።»

«ትናንት አንተ ይሉኝ አልነበር?»

«ትናንት ኒሻን አልነበረዎትም።»

ከሰንዳፋ የመጣ ማሲንቆ መቺ ሲጫወት፣ ለአባቴ የተመረጠ ሥጋ ተቆረጠለት፤ ሳይነካው ዋለ። ቡራዩም ሲሄድ እንዲሁ አከበሩት።

ከፋሲካ በኋላ ኮቱን ቤት ትቶ፣ በሸሚዝ ብቻ ሱሉልታ ሠርግ ሄደ። ሱሉልታ በሸሚዝ የሚኬድበት አገር አይደለም። የሙሽራው አባት ገና ሲያየው፣ «ምነው፣ ከነኒሻኑ ዘረፉዎት እንዴ?» ብሎ ጋቢ አለበሰውና ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሲመለስ እናቴ፣ «እንዴት ተቀበሉህ?» አለችው።

«በክብር» አለ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በቀጣዩ ክረምት አኮርዲዮኑ ከሳጥኑ አልወጣም። እናቴ አንድ ቀን፣ «ለእኛ እንኳ ተጫወትልን» ብትለው፣ «እናንተም ከፍ ያለ ወንበር ታመጡልኝ ይሆናል» አላት። ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ዛሬ አንጋፋ ሙዚቀኞች አዳራሽ ይጠራሉ፤ ካባ ይደረብላቸዋል፣ ንግግር ይደረግላቸዋል፣ ፎቶ ይነሣሉ። አንድ ዘፈን ይጫወቱልን የሚል ግን የለም። እንዲህ ባለው ዝግጅት ላይ ብዙ ጊዜ አጨብጭቤያለሁ፤ ማጨብጨብም ይደክማል። የዛሬዎቹ የሚሸልሙትን ሰው ስም ከወረቀት ላይ ያነባሉ፤ የሰበታ ሰዎች ግን አባቴን ዝም ያሰኙት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በቃላቸው እያወቁ ነበር።