አንድ ቃል ከሲሬ

ወለጋን ያናግራት የነበረው እኔ ነኝ። እኔ ካላስነጠስኩ ደምቢዶሎ «ይማርህ» አይልም፤ እኔ ካልፈቀድኩ ግምቢ ላይ ጆንያ አይነሣም። እርግጥ ወለጋ ስል የመሥሪያ ቤታችንን አምስት የመገናኛ ሬዲዮኖች ማለቴ ነው፤ ከአምስቱም ሁለቱ ክረምት ሲገባ የሚያወሩት ከዝናቡ ጋር ብቻ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በየከተማው የእህል መጋዘን ነበረን፤ በየመጋዘኑም አንድ ሬዲዮን። ነቀምቴ ማዕከል፣ እኔ የማዕከሉ ኃላፊ። ሁሉም እኩል ሲጮሁ ማንም ማንንም ስለማይሰማ ፕሮግራም ነደፍኩ። ማዕከሉ በተራ ይጠራል፤ የተጠራው ብቻ ይመልሳል፤ ባትሪ እንዳያልቅ መልሱ አንድ ቃል ነው። ከተራው ውጭ የተነፈሰ ወዮለት!

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አሶሳ ላይ ለሚከፈት ጣቢያ ሰው ፈለገ። አሶሳ ያኔ ለእኛ ሙቀትና ወባ ነበር። «በፈቃደኝነት ይሁን፤ ሁሉም ይጠየቅ» አለ።

ሲሬ መጋዘን ሬዲዮኑ ላይ የነበሩት፣ ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሚስታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። ከእሳቸው በቀር ውሃ የሚያቀብል እንደሌለ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል። ነቀምቴ ማዕከሉ ሬዲዮን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ አታውቅም፤ ከጎጃም መምጣቷ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ዘበኛውን በሳቅ እገድለዋለሁ፤ እሷ ትጠራለች።

«ሲሬ፣ ሲሬ! ስምዎን ለአሶሳ ልላክ?»

ኦቦ ሌላ ቀን ቢሆን «አይ» ይሉ ነበር። የደነገጠ ሰው ግን የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«ላኪ! ላኪ!»

በኦሮምኛ «አይሆንም! አይሆንም!» ማለታቸው ነው። ጎጃሜዋ ላኪ ተባለች፤ ላከች።

ቀጥሎ የግምቢ ተራ ነበር። የግምቢው ሰው ነገሩ ገብቶት በአንዲት ቃሉ ሊያድናቸው ሞከረ።

«ስህተት!»

«ምን ስህተት? ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

አሶሳ ትዝ ሲለው ጊዜ «አልሄድም» አለና ዘጋ።

ስገባ ልጅቷ ፊቷ በርቷል። «ጋሼ፣ የሲሬው አባት እንዴት ያሉ አብዮተኛ ናቸው! አንዴ ብጠይቃቸው ሁለቴ ላኪ አሉኝ።»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሮጥኩ።

«ጓድ፣ ላኪ እኮ በኦሮምኛ እንቢ ማለት ነው።»

«ፕሮግራምህ በምን ቋንቋ ነው?»

«በአማርኛ።»

«በአማርኛስ ምን አሉ?»

«ላኪ።»

«እንግዲያው ተልከዋል። ሲሬ ባዶ አይቀርም፤ ይህን ያህል ከተቆረቆርክ አንተ ትተካቸዋለህ።»

ኦቦን በእህል መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ሚስታቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ሄዱ። እኔም ሲሬ ወርጄ ሬዲዮኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ እሱ ግን ጭጭ አለብኝ። ተበላሽቷል ብዬ በአውቶቡስ ሰው ላክሁ፤ ነቀምቴ ጠጋኝ ሰደደልኝ።

ጠጋኙ ሬዲዮኑን አየ፤ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ኦቦ ከአሶሳ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠሩዎት ነበር። ሚስቴ እንዴት ናት ነው የሚሉት። ምነው ዝም አሉ?»

«ተበላሽቶ ነዋ!»

«ኧረ አልተበላሸም። አላበሩትም እኮ።»

እውነቱን ነው። ሬዲዮን ማብራት አላውቅም ነበር። ነቀምቴ ሳለሁ የምታበራልኝ ልጅቷ ነበረች።