ስሚዝ ሲሆን ክብር፣ ቀጥቃጭ ሲሆን ነውር

አለልኝን የማውቀው ኬንያ አብረን ከተሰደድንበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዛሬ እዚህ አሜሪካ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚባል ከተማ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። ሙያውን ያየው ከአባቱ ነው፤ አባቱ ጎጃም ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ማረሻና ማጭዱን እሳቸው ዘንድ እያሠራ፣ ከማዕዳቸው ግን አይቀርብም ነበር። ቡዳ ናቸው እያለ ልጆቹን ከደጃቸው ያሸሽ ነበር። አለልኝ ይህን ከማንም ደብቆ አያውቅም። እዚህ አገር ማን ግድ ይሰጠዋል ይል ነበር፤ እኔም እውነት መስሎኝ፣ ሞኝ!

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አማኑኤል የሚባል ወጣት የአለልኝን ልጅ ፋናን ሊያገባ ቀለበት አሰረላት። ሽማግሌ ሁን ተብዬ ኒው ሆፕ ወደሚባለው ጎረቤት ከተማ፣ ወደ አማኑኤል እናት፣ ወደ ወይዘሮ የሺሀረግ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ ዘር አስጠንተው ጠበቁኝ። የቀጥቃጭ ዘር ቤቴ አይገባም አሉ።

የእኚህ ሴትዮ ትልቋ ልጅ ያገባችው እኮ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው! ቤተ ክርስቲያን ላይ «ሚሲስ ስሚዝ» እያሉ ነው የሚያስተዋውቋት። ስሚዝ ማለት ደግሞ ቀጥቃጭ ማለት ነው። እንግሊዞች በየመንደሩ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው በሙያው ጠሩት፤ ልጆቹም ሳያፍሩ ስሙን ወረሱት። የምጣኔ ሀብት አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ነው፣ ዊል ስሚዝን የማያውቅ የለም፣ እዚህ ከተማ ስንት ሐኪምና ጠበቃ ስሚዝ ይባላል። ደሜ ፈልቶ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እሱ ፈረንጅ ነው» አሉኝ፣ ሻይ እየቀዱ።

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

በሳምንቱ እኔ አለልኝ ቤት ተቀምጬ ሳለ አማኑኤል ፊቱ በርቶ መጣ። ነገሩን ፊክስ አድርጌዋለሁ አለ። ለእናቱ «የሰማሽው ስህተት ነው፣ የፋና አያት ገበሬ ነበሩ» ብሎ ነግሯቸው አምነዋል። ከእኛ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው። አለልኝ አጠገቡ የተቀመጠችውን ፋናን አየት አድርጎ አንገቱን ደፋ። ለእሷ ሲል ሊውጠው እንደሆነ ገባኝና ተቃጠልኩ። የአለልኝን አባት በሕይወት ሳሉ አገር አገለላቸው፤ አሁን ደግሞ በሞታቸው የገዛ ልጃቸው ሊክዳቸው ነው!

ፋና ቀለበቷን አውልቃ አማኑኤል ፊት አስቀመጠችው።

«ሶሪ አማኑኤል» አለች። «አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። በሱ የሚያፍር ባል አልፈልግም።»

አለልኝ ቀና አለ።