መዋጮ የተባለው ድርሻዬ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ በለጠ የሰጠኝ ነጭ ሰሌዳ፣ ጥቁር ማርከርና አንድ ትእዛዝ ነበር፤ «ዓይንሽን ከመኪናዋ ላይ እንዳትነቅዪ።» አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ ስለዚህ ስለ ሙያዬ ለመጻፍ በቅቻለሁ።

ሙያዬ ሰሌዳ ያዥነት ነው። የመኪና ውድድር ቡድናችን የሚሠራው ሮመን ሰፈር ካለ ጋራዥ ሲሆን መኪናችን ማንም የማይገዛት አሮጌ ሰማያዊ ስቴሽን ዋገን ናት። ውድድሩ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አራት ሹፌሮች የመመዝገቢያውን ክፍያ እኩል ይካፈላሉ፤ አንድ ድርሻ የከፈለ አንድ ሰዓት ተኩል ይነዳል። ሰሌዳ ያዧ ከመወዳደሪያው መንገድ ዳር ያለው ግንብ ጋ ቆማ ሰዓት ትይዛለች፤ የሹፌሩ ጊዜ ሲያልቅ ለተረኛው እንዲለቅ «ግባ» የሚል ጽፋ ታሳየዋለች። እሷ አትከፍልም፣ አትነዳም።

ባለፈው ጸደይ አንዱ ሹፌር ወደ በርገን ከተማ ተዛወረና ወንበሩ ባዶ ሆነ። እኔ የውድድር ፈቃዴን፣ ሊሰንሴን፣ ገና ማውጣቴ ነበር። ላምበርትሴተር ሰፈር ባለ ኪዮስክ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን፣ ልክ የአንድ ሰው ድርሻ፣ በስልክ ለጋሽ በለጠ ላክሁለት። «ለቡድኑ» ብዬ ጻፍኩበት። «ተባረኪ» ብሎ መለሰልኝ። እኔ በቃ ሹፌር ሆንኩ ብዬ ጓንት ገዛሁ።

በሳምንቱ የሹፌሮች ዝርዝር ተለጠፈ። አራተኛዋ ሜሮን ናት። ሜሮን የሞርተንሩድ ሰፈር ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት። ያቺን መኪና አንድ ቀን እንኳ አጥባት አታውቅም።

ጋሽ በለጠ የቡድናችን ካፒቴንም፣ ሹፌርም፣ ገንዘብ ያዥም ነው። በቤተ ክርስቲያን ማኅበርም ገንዘብ የሚይዘው እሱ ነው። ስጠይቀው ደብተሩን ከፈተ። ሁለት ዓምድ አለው፣ ድርሻና መዋጮ። ስሜ መዋጮ ሥር ተጽፏል። ለሠርጉም ለለቅሶውም ሲሰበስብ የኖረ ሰው፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የመጣ ገንዘብ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም።

«ተባረኪ ያልኩሽ እኮ ለዚያ ነው» አለኝ። ደንግጧል። የሜሮን ስም ግን ለአዘጋጆቹ ተልኳል፤ ገንዘቤ ለሚቀጥለው ውድድር ድርሻ እንዲሆን ተስማማን። «ያ፣ እሺ» አልኩ። ሆዴ ግን ያ አላለም።

በውድድሩ ቀን ሜሮን ሄልሜት እንኳ አማረባት። ቀስ ብላ ብትነዳ ይቅር እላት ነበር፤ ፈጠነች። ሰሌዳው ላይ «ግባ» የሚለውን አጥፍቼ «ግቢ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን የሴት ቃል በልቤ ያስቀመጥኳት ለራሴ ነበር፣ ሹፌር ስሆን እንዲያሳዩኝ። ከጊዜዋ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት አወጣኋት።

ሜሮን ታዝዛ ገባች። የሚቀይራት ጋሽ በለጠ ግን ዳቦ በእጁ ይዞ፣ ሄልሜቱን ሳያጠልቅ ነበር። እሱ እስኪዘጋጅ ሁለት ዙር ከሰርን። ሜሮን ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ሰዓት ተሳስተሽ ነው?»

«ኔይ፣ አልተሳሳትኩም። ቀንቼ ነው።»

«መዋጮሽን ሰምቼ ወንበሩን ልተውልሽ አስቤ ነበር» አለች። «እንኳን አልተውኩ።»

ጋሽ በለጠ አልጮኸም። ሰሌዳውን ከእጄ ወስዶ ለሚቀጥለው ውድድር ሜሮን ትያዘው አለ።

በሚቀጥለው ውድድር ስሜ ድርሻ ሥር ነበር። ነዳሁ! በመጀመሪያው ኩርባ ሳልፍ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር፤ ስለ መንዳቱ ብጽፍ ደብተር አይበቃኝም። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንደነዳሁ በግንቡ በኩል ሳልፍ ሜሮን ሰሌዳዋን ከፍ አድርጋ ቆማለች። «ግቢ» ይላል፣ በእኔው ማርከር።

ሃያ ደቂቃ ይቀረኝ ነበር። ከሰሌዳ ጋር ክርክር እንደሌለ ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ገባሁ። ጋሽ በለጠ በዚህኛው ጊዜ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ሙያው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ገንዘብ ስትልኩ ድርሻ ይሁን መዋጮ አብራችሁ ጻፉ። ሰሌዳውንም ለቀናች ሰው አትስጡ።