የጎረቤቴን ባጃጅ ቁጥር ያጸዳሁ ዕለት

ዛሬ የጎረቤቴን ባጃጅ አጽድቼ ባለቤቱን ሌባ አስባልኩት።

ጎረቤቴ ሶማሌ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፣ ግን እንደ እኩያ እንጨቃጨቃለን። ቀትር ላይ፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ስትጋደም፣ ባጃጁን ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያቆምና ገብቶ ይተኛል። ባለፈው ሳምንት አብረን ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄደን አዲስ ስቲከር አስለጥፏል፤ በሁለቱም ጎን ቀይ መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ደግሞ የባጃጅ ማኅበሩ የሰጠው ባለ ሦስት አኃዝ የጎን ቁጥር። ያለዚያ ቁጥር ተራ መግባት የለም፤ ተራ ያልገባ ሰው አይጭንም።

ለጣፊው ሲመክር ጎረቤቴ ስልክ ይዞ ስለነበር «አዴር፣ አንተ ስማልኝ» አለኝ፤ በነሱ ቋንቋ አጎቴ ማለቱ ነው። ሰማሁለት። ሰውየው የተናገረው ሁለት ነገር ነው። አሮጌ ስቲከር ሲነሳ፣ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርገህ ከጥግ ይዘህ ቀስ እያልክ ትልጣለህ፣ የቀረውን ሙጫ በነጭ ጋዝ ትጠርጋለህ። አዲሱን ግን በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትለህ ታብሳለህ፤ ጥጉ ከተነሳ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርገህ በጣትህ ትጫናለህ። ሁለቱም ውስጥ ፀጉር ማድረቂያ አለ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ሲደርሱ ተጋቡ።

ዛሬ ንፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አምጥቶ ባጃጁ ላይ ደፍቶበታል። የአንዱ ቁጥር ጥግም ተነስቷል። እሱ ተኝቷል፤ እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ደግነት ተነሳብኝ። አጠብኩ፣ መስመሩን ተከትዬ አበስኩ፤ እስከዚህ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ የልጄን ፀጉር ማድረቂያ ቤት ውስጥ ሰክቼ በመስኮት አወጣሁና ቁጥሩን አሞቅሁት። ከሞቀ በኋላስ ምን ነበር? መጫን ወይስ መላጥ? ሥሩ አሸዋ ገብቶ እንዴት ይጫናል! አንስቼ፣ ሥሩን ጠርጌ፣ መልሼ ልለጥፍ አልኩ። እንዴት ደስ ብሎ ይነሳል! ሦስቱንም አነሳሁ። አንዱ ጎን ጸድቶ ሌላው ቆሽሾ አይቀርም ብዬ ዞሬ ያንንም ላጥሁ።

ስድስት ቁራጭ ትሪ ላይ ደረደርኩ። ሁለቱ ስምንት ናቸው፣ እሱ አላጣላኝም። የቀሩት አራቱ ግን እንደያዝኳቸው ነው፤ ወዲህ ሲሉት ስድስት፣ ወዲያ ሲሉት ዘጠኝ። አገላበጥኳቸው፣ ራሴም ተገላበጥኩ። ባቡር ጣቢያ ዕድሜዬን ሙሉ የፉርጎ ቁጥር ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ! ስምንቱ መጨረሻ ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ። የቀረውን አፌ ላይ ሞከርኩት፤ «ዘጠኝ ስድስት ስምንት» ጣፈጠኝ፤ እንደዚያው ለጠፍኩት። በሁለቱም ጎን እኩል ተሳሳትኩ።

ጎረቤቴ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

«ማሻ አላህ! አጠብከው እንዴ?»

«አበራሁት» አልኩ።

ሳያይ ነድቶ ሄደ። ሳይመሽ ተመለሰ፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«ዋርያ ሽማግሌ! ቁጥሬን የት አደረስከው?»

«ያውልህ፣ እያየኸው!»

«ይሄ የኔ ነው? የኔ ስድስት ዘጠኝ ስምንት ነው! በሰው ቁጥር ተመዝግቤ ጫንኩ። ባለቤቱ ሲመጣ ‹አንተ ወጥተሃል፣ መጨረሻ ቁም› አሉት። እኔ ስመለስ ‹ተራ ሰረቅህ› ተባልኩ። ከማኅበር ሊያስወጡኝ ነው፣ ወላሂ!»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ባጃጁ ላይ ወጣሁ። ማስረጃ ይሆናል ብዬ ፀጉር ማድረቂያውን ያዝኩ።

ተራው ጋ ሾፌሮቹ ከበቡን። ተራ አስከባሪው ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ሌባው እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። «አቦ፣ ሰው ሲያጸዳ ቁጥር ይቀይራል?» አለ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ተጠግቶ ዘጠኙን በጥፍሩ ነካ ቢያደርገው እጁ ላይ ቀረ። ሥሩ አሁንም አሸዋ ነው። ገልብጦ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ይሄ ሌብነት አይደለም፤ ለሌብነትማ ጥበብ ያስፈልጋል» አለና ከተራ መዝገቡ የሰረዘውን የጎረቤቴን ስም መልሶ ጻፈው። ቁጥሩን በእኔው እጅ አስተካከሉት፤ አንዱ «ገልብጠው!» ሲል ሌላው «ተው፣ ደህና ነበር!» እያለ ይበልጥ አደናገሩኝ። ጎረቤቴ ሰልፉ መጨረሻ ገብቶ ቆመ። እየሳቀ ነበር፣ ቢያንስ ጥርሱ ይታያል።

እውነተኛው ዘጠኝ ስድስት ስምንት ግን «መጨረሻ ቁም» ሲሉት ተናዶ ወደ ቤቱ ሄዷል። መልኩን አላውቀውም። ለዚያ ሰው አንድ ተራ አለብኝ፤ ተራ በምን እንደሚመለስ ግን እስካሁን አልገባኝም።